ዓመሉ የተቆረጠው በሬ

ከሚሴ ውስጥ ሁለተኛ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም አንደኛ ነው። ፀጉሬን የምስተካከልበት ቤት በር ላይ «በከተማችን አንደኛ» የሚል ጽሑፍ አለ። ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱም «በከተማችን አንደኛ» ነው። ከሁለቱ ፊት ለፊት የከፈተው ሰውዬ ትንሽ አሰብ አደረገና «በዞናችን አንደኛ» ብሎ ለጥፎ ሁለቱንም በአንድ ቀን ዝቅ አደረጋቸው። ሦስቱም ጋ ተቆርጫለሁ። ሦስቱም ያው ናቸው። ጫማ ቤቱ «ልዩ»፣ ምግብ ቤቱ «ተወዳጅ»፣ ብሎኬት የሚያመርተው ሰው ሳይቀር «ተመራጭ» ሆኖ፣ እንዲሁ ዝም ብሎ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ከከተማው ጠፍቷል። ይህን ስላችሁ ታዲያ በሰው ላይ እየቀለድኩ እንዳይመስላችሁ። አብዛኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሥራዬ ፎቶ ቤት ነበር። ሃያ ዓመት ያህል የከሚሴን ሰው ፊት ለመታወቂያና ለፓስፖርት ሳነሳ፣ የዕረፍት ቀን ሲመጣ ደግሞ ሰርግ ስቀርጽ ኖሬያለሁ። በኋላ ካሜራው በየሰው ኪስ ገባ። አንድ ቀን ሙሽራውን ልቀርጸው ጠጋ ስል ስልኩን ዘርግቶ ራሱን እየቀረጸ አገኘሁት፤ «ወንድሜ፣ ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ፣ ከለልከኝ» አለኝ። እንጀራዬ ወደ ሌላ ቦታ መዛወሩ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ደሴ ሄጄ የሦስት ቀን ሥልጠና ወሰድኩ። ዲጂታል ማርኬቲንግ ይሉታል። አሠልጣኙ ነጭ ስኒከር ያደረገ፣ አንዴም ሳይቀመጥ የሚያስተምር ወጣት ነበር። የሰው ትዕግሥት ሦስት ሰከንድ ነው አለን፤ በሦስት ሰከንድ ያልያዛችሁት ተመልካች በአውራ ጣቱ ጠርጎ ያልፋችኋል። ጥቅሙን ንገሩት፣ ጉድለቱን ራሱ ይድረስበት አለን። ሌላም ብዙ ነገር ብሎናል፤ ምሳው ጥሩ ስለነበር የከሰዓቱን ትምህርት በደንብ አልያዝኩትም። ብቻ ስመለስ ኮንቴንት ሠሪ ሆኜ ተመለስኩ። ባለቤቴ «ምንድነው እሱ?» ስትለኝ «ማስታወቂያ ነው፣ ግን ማስታወቂያ አይመስልም» አልኳት። «ታዲያ ምን ይመስላል?» አለች። እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም።

የእኛ አገር ሀብት በአራት እግሩ የሚሄድ ስለሆነ፣ ለከተማው ሱቆች ከምጽፈው ማስታወቂያ ጎን የቪዲዮ ቻናሌን በከብት ጀመርኩት። እሁድ እሁድ ሰንበቴ ገበያ እወርዳለሁ፤ ከቆላ የመጣውን ግመል፣ ከደጋ የመጣውን በግ፣ ከጨፋ የመጣውን በሬ እቀርጻለሁ፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር እጽፋለሁ። ገዢው ኮምቦልቻ ወይም ደብረ ብርሃን ቁጭ ብሎ ያያል፣ ይደውላል፣ ይገዛል። እኔ ከሻጩ የድካሜን አገኛለሁ። ሁሉም ሰላም ነበር፣ ኦቦ ይማም እስኪመጡ ድረስ።

ኦቦ ማለት እኛ ዘንድ ለታላቅ ሰው የሚባል ነው፤ ሌላው አገር ጋሼ እንደሚለው። ኦቦ ይማም የጨፋ ገበሬ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሽማግሌ። ገበያው የሚያውቃቸው በአንድ ነገር ነው። ከብት ሲሸጡ ከዋጋው በፊት የሚናገሩት ዓመሉን ነው። በሬ ይዋጋ እንደሆነ፣ ላም ጥጃዋን ከልክላ እንደሆነ፣ ፍየል አጥር ትዘል እንደሆነ፣ ገዢው አፉን ሳይከፍት ይነግሩታል። ዓመሉን ደብቆ የሸጠ ሰው የበላው ገንዘብ ሐላል አይሆንም ይላሉ። ይህን ያለ ሰው ብዙ ነው፤ ገበያ መሐል ቆሞ የሚያደርገው ግን እሳቸውን ጨምሮ በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ኦቦ ይማም «ይሄ ነው ዓመሉ» ካሉ ገዢው ሌላ ነገር አይመረምርም፤ ከተናገሩት ውጪ እንደሌለ ያውቃልና።

ግንቦት መግቢያ ላይ ቦራ የሚባል በሬያቸውን ሊሸጡ አመጡ። ሦስት በሬ አላቸው፤ ሁለቱን ለእርሻ አስቀርተው በሦስተኛው የቤታቸውን ጣሪያ ቆርቆሮ ሊለውጡበት ነው። ካሜራውን አስተካከልኩና «እሺ አባቴ፣ ስለ በሬዎ ይናገሩ» አልኳቸው። የበሬውን አንገት ይዘው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ቢስሚላህ። ይሄ በሬ ፀሐይ ሲጠነክርበት ይተኛል» አሉና ዝም አሉ።

ጠበቅኩ። እሳቸውም ጠበቁ።

«ሌላስ?» አልኳቸው።

«ሌላውማ ይታያል፤ በሬ ነው» አሉኝ።

እንደ ምንም አባብዬ ቀሪውን አወጣጣሁት። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ጉልበቱ ለብቻው ነው፣ ሕፃን ቢጎትተው ይሄዳል። ማታ ቤቴ ሆኜ ቪዲዮውን ስቆራርጥ መጀመሪያ የደረስኩት እዚያችው «ይተኛል» የምትለዋ ላይ ነው። እንግዲህ እናንተው ፍረዱኝ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች በሬው የሚተኛበት ማስታወቂያ የት አገር አለ? ቆረጥኳት። በቦታዋ ሞቅ ያለ ሙዚቃ አስገባሁ፣ ከላይ «የጨፋው አንበሳ» ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ቀን ሐርቡ አካባቢ የሚኖር አንድ መምህር ደውሎ ገዛው። በሬው መኪና ላይ ሲጫን ኦቦ ይማም «ነግረኸዋል አይደል?» አሉኝ።

«ቪዲዮውን አይቷል» አልኳቸው።

ይህች መልስ ውሸት አይደለችም። እውነትም አይደለችም። የሥልጠናውን የምስክር ወረቀት የሚያስገኘው ይህችን የመሰለች መልስ ናት።

ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሱቄን ገና ከመክፈቴ ኦቦ ይማም በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«አካም ቡልቴ?» አሉኝ። እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው።

«እግዜር ይመስገን አባቴ፣ አንቱስ ደህና አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ።» ተቀመጡ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ኢልማ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለት ነው፤ «ምላሴን የት አደረግከው?»

ለካ ሰንበቴ ላይ አንድ ነጋዴ በስልኩ ቪዲዮውን አሳይቷቸዋል። ራሳቸውን አይተዋል፣ በሬውን አይተዋል፣ ሙዚቃውንም ሰምተዋል፤ ያችን የመጀመሪያዋን ነገር ግን ቢጠብቁ ቢጠብቁ አልመጣችም። አስደግመው አይተዋል። እኔም የተማርኩትን ላስረዳቸው ተነሳሁ። የሰው ትዕግሥት እንዳለቀ፣ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ካልተያዘ እንደሚያመልጥ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እኔም'ኮ ከሦስት ሰከንድ በላይ አልተናገርኩም» አሉኝ።

አፈርኩ። ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው ነኝ፤ በሱቄ ውስጥ የምገባበት ጠፋኝ።

«ሰውዬው ዓመሉን ሳያውቅ ገንዘቡን በላሁት» አሉ። «ተነስ፣ ታሳየኛለህ ቤቱን።»

ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ ወደ ሐርቡ ሄድን። መንገዱን በሙሉ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ተሳፋሪውን ግን ሁሉንም በየተራ ሰላም ብለዋል።

መምህር ካሳሁንን ያገኘነው ማሳ ላይ ነው። ለካ መሬቱ የአባቱ ነበር፤ አባቱ አምና ሲሞቱ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከጥቁር ሰሌዳ ሌላ ያልቧጠጠው ሰው የአባቴን መሬት ሌላ አያርሰውም ብሎ በሬ ፍለጋ ስልኩን ይጎረጉራል። የእኔን «አንበሳ» ያገኘውም እንዲያ ሲል ነው። አንበሳው ትልሙ መሐል እግሩን አጣጥፎ ተኝቷል። መምህሩ አጠገቡ ተቀምጦ ጃንጥላ ይዞለታል።

አልሳቅኩም። ኦቦ ይማም አጠገቤ ባይኖሩ ኖሮ ግን አላውቅም።

ሰውዬው ምን ያላደረገው ነገር አለ! የከብት ሐኪም አምጥቷል፤ ሐኪሙ በሬውን አገላብጦ አይቶ «ከእኔም ከአንተም ጤነኛ ነው» ብሎት ሄዷል። ጨው አልሶታል፣ መኖ ለውጦለታል፣ አገሩ ናፍቆት ይሆናል ብሎ ሲያባብለው ከርሟል። ስልኩንም ጠይቆ ነበር፤ ስልኩ ስለ ሌላ አገር ላሞች ብዙ ነግሮታል። የጎረቤት ገበሬዎች አጥር ላይ ተደግፈው እያዩት፣ በሬ እኮ ሰው ያውቃል፣ ጀማሪ መሆንህን አይቶ ንቆህ ነው እያሉ ሲያላግጡበት ሰንብተዋል።

ኦቦ ይማም ሰላምታውን ከጨረሱ በኋላ ነገሩን በአጭሩ ነገሩት። በሬው ከጥጃነቱ ጀምሮ ፀሐይ ሲጠነክር ይተኛል፤ እሳቸው ተናግረው ነበር፤ ንግግሩ ሳይደርሰው ቀርቷል። ማን እንዳስቀረው አልተናገሩም። እኔ ራሴ ተናገርኩ። መምህሩ ጃንጥላውን አጠፈ፣ አንዴ እኔን አንዴ በሬውን አየ፤ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«እኔ'ኮ እርሻ አልሆንልህ ያለኝ መስሎኝ» አለ። «መሬቱን ለሌላ ሰው የእኩል ልሰጠው ትናንት ነው የተነጋገርኩት። የአባቴን መሬት!»

ሦስት ሰከንድ የቆረጥኩ መስሎኝ ነበር፤ ሰውዬውን ካባቱ ርስት ልነቅለው ነበር።

ኦቦ ይማም ሽያጩ እንዲፈርስ ፈለጉ፤ ችግሩ ገንዘቡ ነው። «ገንዘቡ ጣሪያ ላይ ወጥቷል፤ አሁን አላወርደውም» አሉ። «ቦራን እወስዳለሁ፤ በምትኩ ጉራቻ የሚባለውን ሌላውን በሬዬን እሰጥሃለሁ። ቀኑን ሙሉ ያርሳል። ዓመሉ ውሻ ሲያይ መደንገጥ ነው፤ ውሻህን እሰር።» መምህሩ እንዴት ተደርጎ አለ፣ አንቱን በሬ አሳጥቼ አላርስም አለ፣ በእግዚአብሔር አለ። እሳቸውም በአላህ አሉ። በመጨረሻ ያሸነፈው ታላቁ ነው። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ አላህ መሬትህን ያለምልመው፣ አባትህን ይማርልህ አሉት። መምህሩ አሜን አለ። በሬዎቹን በማግሥቱ ተለዋወጡ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገሩኝ። «የቆረጥካትን አላጠፋሃትም አይደል?» አሉ። አለች አልኳቸው። «በቆረጥክበት አደባባይ መልሳት።»

መለስኳት። ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ጽሑፍ፣ እንዳለች። ሽማግሌው የበሬያቸውን አንገት ይዘው «ይሄ በሬ ፀሐይ ሲጠነክርበት ይተኛል» ይላሉ፤ ከዚያ ዝም ብለው ያያሉ፤ አለቀ። ከሥሯ «ይህችን ቆርጬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ቻናሌ በዚሁ ያበቃለታል ብዬ ተሰናብቼው ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ አገር ምድሩ ተቀባብሏታል። ከሥሯ የተጻፈው አስተያየት ተነቦ አያልቅም። «እንዲህ ያለ ሰው ዛሬም አለ?» የሚል አለ፤ «እኔ የሚተኛውን በሬ ነው የምፈልገው» የሚል አለ፤ ኦቦ ይማምን ለምክር ቤት እንምረጣቸው ያለም አልጠፋም። የደሴው አሠልጣኝ ሳይቀር ደወለልኝ። ስለ በሬው እንዳይመስላችሁ። «ይህን ስትራቴጂ ከየት አመጣኸው?» ብሎ ነው።

እዚህ ላይ ዝም ብል ጥሩ ነበር። ግን የሰው ልጅ እንጀራ አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለ ሱቁ ሁሉ «ለእኔም እንደ ሽማግሌው ሥራልኝ» እያለ የሱቄን በር ያንኳኳ ጀመር። አንደኛ መሆን ቀርቶ ባለ ዓመል መሆን መጣ። እኔም ተቀምጬ ዓመል መጻፍ ያዝኩ። አንድ ሆቴል «አንድ ዓመል አለብን፤ እንግዳ መሸኘት አንችልበትም» አለ። የሶፋ መሸጫው «ዕቃችን ችግር አለበት፣ የተቀመጠበት አይነሳም» አለ። ያ «በዞናችን አንደኛ» የነበረው ፀጉር አስተካካይ ጽሑፉን ፍቆ «ይቅርታ፣ እናቆያለን፤ ተጠንቅቀን ስለምንሠራ» ብሎ አስለጠፈ። ሁሉም በሚያምር ፊት ጥፋቱን ይናዘዛል፤ ከጥፋቱ ውስጥ ግን አንድም እውነተኛ የለም። እውነተኛውን የነገረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሆቴሉ ባለቤት፣ ቧንቧው ውሃ እንደማያመጣ። እሱን አታውጣው አለኝ። አላወጣሁትም።

ነገሩ ሰንበቴ ለመድረስ ሦስት ሳምንት አልፈጀበትም። ድሮ የበሬውን ጉልበት ሲያወድስ ጉሮሮው የሚነቃው ሻጭ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ይሄ በሬ ዓመል አለው» ይላል። ገዢው ልቡ ስንጥቅ ይልና «ምን?» ሲል፣ «ቀንበር ሲያይ ይቸኩላል፤ መያዝ ያስቸግራል» ይለዋል። ይሸጣል። አህያው ሥራ ካላገኘ ይበሳጫል። በጉ ሣር ሳይመርጥ እየበላ ይወፍራል። ዓመሉ ያልተነገረ ከብት የሚጠይቀውም የለም።

ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ በአንዱ እሁድ፣ ኦቦ ይማም ላም ይዘው መጡ። ለምን እንደመጡ አውቃለሁ፤ ከጥማዳቸው ግማሹ ሐርቡ ቀርቷል። ቦራ እስከ ሦስት ሰዓት ያርሳል፣ ከዚያ ይተኛል፤ የጤፉ መሬት ደግሞ ዝናቡ ሳይበረታ ተደጋግሞ መታረስ አለበት። ላሟን ሸጠው፣ ቀን ሙሉ የሚቆም በሬ ገዝተው በዚያው ሊመለሱ ነው። ሰዉ ሲያያቸው ግር ብሎ መጣ። ታዋቂ ናቸዋ! ስልክ ያወጣውም ብዙ ነው።

«የላሟን ዓመል ይንገሩን!» አለ ከፊት የቆመ፣ ባለ ኮፍያ ነጋዴ።

ኦቦ ይማም የላሟን አንገት ያዙ። «ቢስሚላህ። ይቺ ላም ሦስት ወልዳለች። እኔ የማውቀው ዓመል የላትም።»

ሰዉ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ቀጣዩን ጠበቀ። እሳቸው ግን የሚጨምሩት አልነበራቸውም።

«አባቴ፣ የበሬውን ተናግረው የላሟን ይደብቃሉ?» አለ ባለ ኮፍያው፤ አሁን አልሳቀም።

«ዱጋ ነው የምልህ። እውነት። የለባትም።»

«ቢብስ ነው የደበቁት» አለ ሌላው፣ እሳቸው እየሰሙት። አንዱ ጠጋ ብሎ የላሟን አፍ ፈልቅቆ ጥርሷን ቆጠረ። ሌላው ጡቷን እያንዳንዱን ጎትቶ ሞከረ። በአርባ ዓመት ውስጥ የኦቦ ይማምን ከብት እንዲህ የመረመረ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ሦስት ሰው መረመረ። ሽማግሌው ሌላ ቦታ ያዩ ነበር። ሦስቱም ምንም አላገኙም፤ ምንም አለማግኘታቸው የባሰ አስፈራቸውና ሄዱ። እስከ ስምንት ሰዓት ዋጋ እንኳ የጠየቀ አልመጣም። ገበያው መሳሳት ሲጀምር ጠጋ አልኳቸው።

«አባቴ፣ ትንሽ ነገር ይበሉ እንጂ። ስትታለብ አንዳንዴ እግሯን ታነሳለች ይበሉ። አሁኑኑ ትሸጣለች።»

«ታነሳለች እንዴ?»

«አታነሳም፤ ግን...»

«ላሟን ልዋሽባት?» አሉኝ።

የላሟን ገመድ ፈቱ።

«ስለ በሬው እውነቱን ስናገር አፌን ዘጋህብኝ። አሁን ደግሞ ስለ ላሟ ውሸቱን እንድናገር ልትከፍትልኝ ነው። አብሽር፣ አልተቀየምኩህም» አሉና ላሟን አስቀድመው በአስፋልቱ ዳር ወደ ከሚሴ መንገድ ጀመሩ። በዚያ ክረምት ከመሬታቸው ግማሹ ጦም አደረ። ይህን ያወቅኩት ቤታቸው ሄጄ ጠይቄ አይደለም፤ መስከረም ላይ በመኪና ሳልፍ በመስኮት አይቼ ነው።

ያን ዕለት ግን ልከተላቸው ነበር። እውነቴን ነው፣ አንድ ሁለት እርምጃ ሄጃለሁ። አንድ ፍየል ሻጭ እጅጌዬን ይዞ አስቆመኝ።

«ወንድም፣ አንተ አይደለህ ዓመል የምትጽፈው? ለእኔ ፍየል ምን ዓይነት ይሻላታል?»

ዞር ብዬ ፍየሏን አየኋት።

«መንታ መውለድ» አልኩት።